መርዶ የሚሸት ምግብ

ዓለምሸት ምግብ የዘጋት ሰሞን፣ ቶሮንቶ፣ ስካርቦሮ ያለው አፓርታማቸው ፍሪጅ በሕይወቱ እንደዚያ ጠግቦ አያውቅም። የቤተ ክርስቲያን እህቶች ተራ ገብተው ያመጣሉ። አንዷ ዶሮ ወጥ በእርጎ ፕላስቲክ፣ አንዷ ሽሮ በአይስክሬም ዕቃ፣ አንዷ አጥሚት በፔርሙስ። ቫኒላ የሚለውን ክዳን አምኖ ማንኪያ ይዞ የቀረበ ሰው ከቀዘቀዘ ሽሮ ጋር ይፋጠጣል። ባሏ ጥጋቡ ግማሹን ለሥራ ምሳ ይቋጥራል፣ ግማሹን ፍሪዘር ውስጥ ይቆልላል፣ የተበላሸውን ደግሞ እሷ ሳታይ ይደፋል። በዚህ ምክንያት የእሱ ሆድ ተነፍቷል። የእሷ ሆድ ግን፣ ልጅ የተሸከመው ሆድ፣ ማደግ የነበረበትን ያህል አላደገም።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ በመኝታ ቤቱ በር አንገቱን አስግጎ፣ "ዓለምዬ፣ እትዬ ውብአለም መጥተዋል" አላት።

"ተኝታለች በላቸው።"

"በዚህ በረዶ ሁለት ባስ ቀይረው ነው የመጡት እኮ።"

"ምን ይዘው?"

"ቅንጬ። በቅቤ የታሸ።"

ዓለምሸት ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበችው። "ጥጋቡ፣ ሰው ሁሉ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያበላኝ?"

"እርጉዝ ነሻ!"

"ኳየር አብራኝ የምትዘምረው ሐሴትም አምና አርግዛ ነበር። እሷን ማን እንዲህ አበላት?"

ጥጋቡ በሩን ገርበብ አድርጎ ወጣና ለእትዬ ውብአለም ደክሟት መተኛቷን ነገራቸው። እሳቸውም ቅንጬውን ጠረጴዛው ላይ አኑረው፣ ወደ መኝታ ቤቱ በአገጫቸው እያመለከቱ፣ በሹክሹክታ "አወቀች እንዴ?" ሲሉ ጠየቁት።

"አላወቀችም።"

"ጌታ ይመስገን!" አሉና ኮታቸውን ሳያወልቁ ተመለሱ።

ያላወቀችው ይህን ነው፤ እናቷ ወይዘሮ ኤልፍነሽ ሞተዋል። አዲስ አበባ፣ ኮልፌ፣ በታናሽ ልጃቸው በሔርሞን እጅ ላይ አርፈው ተቀብረዋል፤ ድንኳኑም ከተነሣ ሰንብቷል። ቶሮንቶ ውስጥ ዓለምሸትን በስም የሚያውቅ ሁሉ፣ ብሉር ጎዳና ላይ በርበሬ የምትሸጥላት ባለ ሱቅ ሳትቀር፣ ሰምቷል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? ያልሰማችው ዓለምሸት ብቻ ናት፤ ምክንያቱም እርጉዝ ናት፤ ለእርጉዝ ደግሞ መርዶ አይነገርም።

ይህ የትም የተጻፈ ሕግ አይደለም፤ ግን ከተጻፈው ይልቅ ይከበራል። እኛ ጴንጤዎች ስንቱን የአያት ቅድመ አያት ልማድ "ይህ ባዕድ ነው" ብለን ጥለን ስናበቃ፣ ይህችን ግን ከሻንጣችን ሥር ከትተን ውቅያኖስ አሻግረናታል። በክፋት አይደለም። ድንጋጤ ፅንስ ያስወርዳል ብለን ነው፤ ያውም የዓለምሸትን ፅንስ፣ ለዓመታት ጉባኤው ሁሉ ጾሞና ጸልዮ፣ ሐኪሞቹም ተስፋ ከቆረጡ በኋላ የተገኘውን።

ሔርሞን የደወለችው ለጥጋቡ ነበር። ኤግሊንተን ዌስት ላይ በጥገና ሠራተኛነት በሚሠራበት ሕንጻ፣ መሰላል ላይ ወጥቶ የኮሪደር አምፖል ሲቀይር ስልኩ ጮኸ። ሰምቶ ወረደና ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ፤ አማቱ እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩት። ከዚያ ለቤተ ክርስቲያናቸው ዋና ሽማግሌ ለጋሽ ስንታየሁ ደወለ። ሽማግሌዎቹ በዚያው ሳምንት ተሰብስበው "እስክትገላገል ይቆይ" ብለው ወሰኑ፤ ጥጋቡም ተስማማ። እውነቱን ለመናገር፣ እፎይ ብሎ ነው የተስማማው። ለሚስቱ እንዲህ ያለ ነገር የሚናገርበት አንደበት ከየት ያመጣል?

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ሁሉ የድራማ መድረክ ሆነ። ሔርሞን "እማዬ ጉሮሮዋ ቆስሎ ድምፅ አታወጣም" አለች። ዓለምሸት በየቀኑ ለእናቷ የድምፅ መልእክት ትልካለች። ከሥራ ስትመለስ ባስ ውስጥ ሆና ትቀዳዋለች፤ ስለ በረዶው፣ ስለ ልጁ መገላበጥ፣ ስላማራትና ስላስጠላት። ሔርሞንም "ሰምታሻለች። በሹክሹክታ 'ማሕፀንሽ ይባረክ፣ ልጅሽን ለመሳም ያብቃኝ' ብላሻለች" ብላ ትጽፋለች። ዓለምሸት ምርቃቱን ለጥጋቡ ድምፅ አውጥታ ስታነብለት፣ እሱ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ያጣል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኸው ነው።

አሁን ምግቡ ለምን እንደዘጋት ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ዓለምሸት ካናዳ በገባች በሁለተኛው ዓመት አባቷ ሞቱ። ያን ጊዜ እርጉዝ አልነበረችምና መርዶው በወጉ ተነገራት። ወጉ ደግሞ መጀመሪያ ማብላት ነው። የተረዳ ሰው እህል አይቀምስምና ሐዘኑ በባዶ ሆዱ እንዳያገኘው ይታሰባል። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን እህቶች ብሉር ላይ ወዳለ ምግብ ቤት ወሰዷት። ክትፎ ታዘዘ። በግራ አንዷ ታጎርሳታለች፣ በቀኝ ሌላዋ፤ "ብዪ እንጂ!" "ይህችን ብቻ፣ በሞቴ!" እሷ ግን አገር የለመደች፣ ወዳጅ ያፈራች መስሏት ስትስቅ ዋለች። ቤቷ ሲመልሷት በር ላይ የማታውቀው ጫማ ተደርድሯል፤ ሳሎኑ ውስጥ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ከተነገራት በኋላ ክትፎውን በሙሉ አስታወከችው። ይህን ለጥጋቡ የነገረችው ከተጋቡ በኋላ ነው፤ እየሳቀች ስለነገረችው እሱም አብሯት ስቆ ረሳው።

እንግዲህ በዚህች ሴት ቤት ነው የእርጎ ፕላስቲኩና ፔርሙሱ የሚግተለተለው። አንዷ እህት "ብዪ እንጂ የኔ እመቤት" ስትላት ዓለምሸት ከንፈሯ ይነጣል። ሌላዋ ጉርሻ ጠቅልላ ስትዘረጋ ተነሥታ ወደ መታጠቢያ ቤት ትሄዳለች። እህቶቹ ይህን ሲያዩ ደግሞ ደነገጡና የምግቡን መጠን ጨመሩ። ጥጋቡም እንደነሱ ይለምናት ነበር፤ ጠዋት እንቁላል፣ ማታ ሾርባ፣ በመካከሉ ልምምጥ። እሷም ባሰባት።

ከአዋላጇ ጋር አፖይንትመንት በነበራቸው ቀን ነገሩ ከልመና አለፈ። አዋላጇ ሆዷን በሜትር ለካች፣ እንደገና ለካች። አልትራሳውንድ ታዘዘ። ልጁ ደህና ነው፣ ልቡም ይመታል፤ ግን ለጊዜው ትንሽ ነው፤ እናትየዋም በመጨመር ፈንታ ቀንሳለች ተባለ። በዚህ ከቀጠለ ሆስፒታል መተኛት ሊመጣ ይችላል፤ ከጊዜው በፊት ማዋለድም ሊመጣ ይችላል። ጥጋቡ የሰማው "ሊመጣ ይችላል" የሚለውን ሳይሆን "መጣ" የሚለውን ነው።

ወደ ሥነ ምግብ ባለሙያ ላኳቸው። ፀጉሯን ወደ ላይ ጠቅልላ ያሰረች ልጅ እግር ናት፤ ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነው።

"ትናንት ምን በላሽ?" አለቻት።

"ዳቦ በጃም። ከዚያ የድንች ሾርባ።"

ጥጋቡ ዞሮ አያት። ይህን አልሰማም ነበር።

"የት?"

"ሥራ ቦታ።" ዓለምሸት በአረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው፤ መብላት እምቢ ያሉ ሽማግሌዎችን አባብሎ ማብላት የሥራዋ አካል ነው።

"ቤትስ?"

"ቤት አልችልም። ሰው ብዪ ሲለኝ ጉሮሮዬ ይዘጋል። ሥራ ቦታ ማንም ብዪ አይለኝም።" ወደ ባሏ ሳታይ ጨመረች። "አገራችን ሰው ሲሞትብሽ መጀመሪያ ያበሉሻል፤ ከዚያ ይነግሩሻል። አሁን ሁሉም እያበላኝ ነው። የሚነግረኝ ግን የለም።"

ጥጋቡ ወንበሩ ላይ ደርቆ ቀረ። ያ የተሳቀበት የክትፎ ወሬ አሁን መጥቶ ፊቱ ቆመ። ሁለት ወር ሙሉ ሚስቱን ሲያበላ የኖረ መስሎት ነበር፤ ለካ በየቀኑ መርዶ ሲያረዳት ነበር፣ ያውም የሟቹን ስም ሳይነግራት።

ባለሙያዋ የተጨነቀ ሰውነት አደጋ መጣብኝ ብሎ ለሽሽት እንደሚዘጋጅ፣ ለሚሸሽ ሰው ደግሞ ምግብ መፍጨት ትርፍ ሥራ እንደሆነ አስረዳቻቸው። ሆድ በሩን ይዘጋል። የራበው ሰውነት ደግሞ በተራው ይበልጥ ይደነግጣል፤ እንቅልፍ ያጣል፣ በትንሽ ድምፅ ይበረግጋል። ትንንሽ ምግብ ቶሎ ቶሎ እንድትወስድ፣ ምን ምን እንደሚሻላት ነገረቻትና ወደ ጥጋቡ ዞረች። "ለሌላው ቤተሰብ አበረታቷት ነው የምለው። አንተን ግን አትለምናት እልሃለሁ። የሚያስፈራት ነገር ካለ ደግሞ ቤት ውስጥ ተነጋገሩበት። ያንን በቪታሚን ማከም አይቻልም።"

ሲመለሱ መኪና ውስጥ ዓለምሸት፣ "የምታውቀው ነገር አለ?" አለችው።

"የለም።"

"እማዬን በቪዲዮ ልያት ስል ሔርሞን ኔትወርክ የለም ትለኛለች። ለድምፅ መልእክት የሚበቃ ኔትወርክ እንዴት ለቪዲዮ አነሰ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ የአገር ቤት ነገር..." አለና መጥረጊያው በረዶውን ሲጠርግ እያየ ነዳ። ራሱን ጠላ። ዓለምሸትም ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችውም።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ጥጋቡ ጋሽ ስንታየሁን ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት፣ ወንበር ሲያጥፉ አገኛቸው። "ጋሼ፣ ልነግራት ነው" አላቸው።

"አይሆንም።"

"ልጁ አላደገም እኮ። ጭንቀቱ ነው፤ አትበላም።"

ጋሽ ስንታየሁ የያዙትን ወንበር እንደገና ዘረጉና ተቀመጡበት። "ወንድም ጥጋቡ፣ እኔ ዝም ብዬ ወግ ጠባቂ ሆኜ ይመስልሃል?" አሉት። ካርቱም በስደት ሳሉ ሚስታቸው የስድስት ወር እርጉዝ ነበረች። ወንድሟ መሞቱን ሰሙ፤ እሳቸውም ወጣትና ግልጽ ሰው ነኝ ባይ ነበሩና በዚያው ቀን ነገሯት። በነጋታው ምጥ መጣባት። "ወንድ ነበር። ስም አውጥተንለት ነበር። እሷ እስከ ዛሬ በድንጋጤው ነው አትልም፤ ጌታ ፈቅዶ ነው ትላለች። እኔ ግን አፌን ነው የምከሰው።" መነጽራቸውን አውልቀው በክራባታቸው ጫፍ ጠረጉ።

ይህን ሰው ማን ሞኝ ይለዋል? ጥጋቡም አላለም። የበለጠ ፍርሃት ይዞ አጠገባቸው ቆመ። ነገር ግን በልቡ ሲብላላ የሰነበተው ነገር ገፍቶ ወጣ። "ጋሼ፣ የእርስዎ ባለቤት እስኪነግሯት ድረስ ምንም አታውቅም ነበር። የኔዋ ግን አውቃለች። ያላወቀችው ማን እንደሞተ ብቻ ነው። በየቀኑ ሁላችንንም በየተራ እየቀበረችን ነው።"

ሽማግሌው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። "እጸልይልሃለሁ" አሉ። "ፈቃድ ግን ከኔ አትጠብቅ። አልችልም።"

ማክሰኞ ከሥራ ቀረ። የአፓርታማው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ወርዶ፣ በማሽኖቹ ጩኸት መሐል ለአዋላጇ ደወለና ያለውን ሁሉ ነገራት። ብነግራት ልጁ ይተርፋል ወይ ብሎ ጠየቃት። ማንም ያንን ማረጋገጫ ሊሰጥህ አይችልም አለችው። ብቻዋን እንዳትተዋት፤ ሕመም ከተሰማት፣ ደም ካየች ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ በዚያው ደቂቃ ይዘሃት ና፤ ምንም ባይኖርም ነገ ጠዋት አያታለሁ አለችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "አሁን የተሸከመችውስ ቀላል ነው ብለህ ነው?" አለች። ጥጋቡ አመስግኖ ዘጋ።

ወደ ቤት ወጥቶ ከጠረጴዛው ላይ ምግብ የሚባል ነገር ሁሉ አነሣ። ፔርሙሱን፣ ብስኩቱን፣ የሙዙን ሳህን ሳይቀር ቁምሳጥን ውስጥ ከተተው። ሽማግሌ አልጠራም፣ እህት አልጠራም። ዓለምሸት የጠዋት ሺፍት ስለነበራት ገና በብርሃን ተመለሰች፤ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ሳሎን ገባችና ባዶውን ጠረጴዛ አየች።

"ምግቡስ?"

"አነሣሁት።"

ቦርሳዋን መሬት ላይ አኖረች። ወንበሩን በእጇ ፈልጋ ተቀመጠች። "እማዬ ናት አይደል?" አለችው።

ስንት ቃል አዘጋጅቶ ነበር! ስለ ሰማይ፣ ስለ ዕረፍት፣ ስለ ጌታ ጊዜ። አንዱም አልመጣለትም። "አዎ" አለ።

ዓለምሸት በሁለት እጇ ራሷን ያዘች። ከዚያ "እማዬ! እማዬን! እኔ ሳልኖር!" ብላ የጮኸችው ጩኸት ከግድግዳው ማዶ ያለውን ቴሌቪዥን ጸጥ አስባለው። ከወንበሩ ተንሸራትታ ምንጣፉ ላይ ስትቀመጥ ጥጋቡ አብሯት ወረደ፤ ከኋላዋ ሆኖ በሁለት እጁ አቀፋት። ደረቷን እንዳትመታ እጇን ይይዛል፤ መልሶ ደግሞ ይለቃል፤ ማልቀሷን መከልከል ይሁን መፍቀድ ጠፍቶበት ነበር። እሱም አለቀሰ፤ ሁለት ወር ሙሉ በሥራ ቦታው ደረጃ ላይ ተደብቆ ያለቀሰው አልበቃውም ነበር።

"መቼ?" አለች፣ ድምፅዋ ሲዘጋ።

"የታንክስጊቪንግ በዓል ሰሞን፤ ሁለት ወሩ ነው።"

"ከዚያ ወዲህ የላክሁትን ማን ሰማው?"

"ሔርሞን።"

"ምርቃቱስ?"

ጥጋቡ እቅፉን አጠበቀ።

"ምርቃቱስ፣ ጥጋቡ? ማሕፀንሽ ይባረክ ያለችኝስ?"

"እሱም... ሔርሞን ናት።"

ዓለምሸት ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አደረገች፤ ልጁን ከሰው የምትከልል ትመስል ነበር። "የሞተች እናቴን አፍ ተውሳችሁ መረቃችሁት" አለች። "እኔ እኮ አሜን ብያለሁ። በየቀኑ አሜን ብያለሁ።"

"ይቅር በይኝ።"

አልመለሰችለትም። ፀሐይዋ ከመስኮቱ እስክትሸሽ ድረስ እያረፈች አለቀሰች፤ የእናቷን ሙያ፣ የእናቷን ቁጣ፣ አውሮፕላን ጣቢያ የሸኘቻትን ቀን እያነሣች። ጥጋቡ ልጁ ይንቀሳቀስ እንደሆነ መጠየቅ ፈልጎ ፈራ። እሷ ራሷ ናት በመጨረሻ፣ ጀርባዋን ሶፋው ላይ አስደግፋ፣ "ይገላበጣል" ያለችው። ከዚያ ደግሞ፣ ነገሩ እሷንም እንዳስገረማት ሁሉ፣ "ራበኝ" አለች።

ጥጋቡ ዘሎ ተነሣ። እጁ ያገኘውን ምስር አሙቆ በእንጀራ አቀረበላት፤ ከጎኗ ተንበርክኮም ጠቀለለና ወደ አፏ ሊያደርስ ሲል ፊቷን አዞረች።

"አታጉርሰኝ።"

"እሺ።"

"ሌላ አለ?"

"ምን ሌላ?"

"የሞተ። የታመመ። ሐኪሞቹ ለብቻህ የነገሩህ። እስክትወልድ ይቆይ የተባለ።"

"የለም። ምንም የለም፣ ዓለምዬ።"

"ማልልኝ።"

አማኝ አይምልም፤ አዎ ካለ አዎ ነው፤ ሁለቱም በዚህ ነው ያደጉት፣ በትዳራቸውም ውስጥ መሐላ ገብቶ አያውቅም። "ቃሌ ይበቃሻል" ሊላት አፉን ከፈተና መኪና ውስጥ "የለም" ያለው ትዝ አለው። ቃል የት አለውና?

"በምን ልማልልሽ?" አላት።

እጁን ይዛ ሆዷ ላይ አኖረችው። "በዚህ" አለች።

ሁለት ወር የዋሸው ለዚህ ልጅ ብሎ ነው፤ ሽማግሌዎቹም ዝም ያሉት፣ እህቶቹም በበረዶ ምግብ የተሸከሙት ለዚህ ልጅ ነው። አሁን አገሩ ሁሉ እንዳይሞት የተጠነቀቀለትን ልጅ፣ በገዛ አፉ ይሙት ሊለው ነው። ዓለምሸት ዓይኗን ከዓይኑ ሳትነቅል ጠበቀችው። ሳህኑ በመካከላቸው እየቀዘቀዘ ነበር።

"ልጄ ይሙት" አለ ጥጋቡ፣ ድምፁ ተሰብሮ፣ "ሌላ የደበቅሁሽ የለም።"

እጁን ከሆዷ ላይ አነሣችና ወደ እሱ መለሰችው። ሳህኑን ወደ ራሷ ስባ እንጀራውን ቆረሰች።